የአዮ ጁሀራ ክፍል በር

ዳቢሴ ሮቤ ውስጥ በር ሲሠራና ሲገጥም ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። እጁ የተመሰገነ አናጢ ነው፤ አፉ ግን ቁጥብ ነበር። ደንበኛ የፈለገውን ይናገራል፣ እሱ ይሠራል።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ጎረቤቱ ሀዋኒ ጠራችው። እናቷ አዮ ጁሀራ ዳሌያቸው ተሰብሮ ጎባ ሆስፒታል ተኝተው ከርመው በማግስቱ ሊወጡ ነው። ከእንግዲህ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው፤ ክፍላቸውን ከማድቤቱ የሚለየው በር ደግሞ ዊልቸር አያሳልፍም።

"ኦቦ ዳቢሴ፣ በሩን ከነመቃኑ ያንሱልኝ። መጋረጃ እሰቅልበታለሁ። የማድቤቱም ሙቀት ይገባላታል፤ ብርዱን እርስዎም ያውቁታል" አለችው።

ዳቢሴ ወፍራሙን የጥድ ሳንቃ መታ መታ አደረገው።

"የማድቤት በር ባይነሳ ይሻላል። እሳት ቢነሳ ጭሱን የሚይዘው እሱ ነው። ግድግዳውን ሰብሬ ሰፋ ያለ በር ልግጠምልሽ፤ አራት ቀን ይበቃኛል።"

"ነገ እኮ ነው የምትመጣው! ኋላ እናሰፋዋለን፣ ኢንሻአላህ።"

ሌላ ቃል አልጨመረም። ማጠፊያዎቹን ፈታ፣ መቃኑን ነቀለ።

"ኋላ" የተባለው ቀን ሳይመጣ ጥቅምት ገባ። አንድ ረፋድ ሀዋኒ በኤሌክትሪክ ምድጃ ባቄላ ጥዳ ሳለች መብራት ጠፋ። ምድጃውን ማጥፋት ረስታ ገበያ ወጣች። መብራቱ ሲመለስ ቤት ውስጥ የነበሩት አዮ ጁሀራ ብቻ ናቸው። ድስቱ አረረ፤ አጠገቡ የነበረው የዘይት ጀሪካን ተቀጣጠለ፤ እሳቱ ወደ መጋረጃው ተሻገረ።

ዳቢሴ ጩኸት ሰምቶ መጋዙን ጥሎ ሮጠ። ከጎረቤት ጋር ውሃ እየደፋ ሲገባ አዮ ጁሀራ ዊልቸራቸው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። አቅፎ አወጣቸው። ገላቸውን እሳት አልነካውም፤ ጭሱ ግን ትንፋሻቸውን ወስዶታል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ከማድቤቱ ወዲያ ማዶ ያለውን ሳሎን ከፈተ። የሳሎኑ በር ተዘግቶ ነበር የዋለው፤ በማድቤቱ በኩል ከስሏል። ውስጡ ግን ግድግዳው ነጭ፣ የሶፋው ዳንቴል እንኳ ንጹሕ ነው። ያኔ በገዛ እጁ የነቀለውን በር አሰበ።

ለአዮ ጁሀራ ለቅሶ፣ ለተዝያው፣ በተተከለው ድንኳን ሦስት ቀን ከሰው ጀርባ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሀዋኒ ራሷ ወደ እሱ መጣች።

"ነግረውኝ ነበር፣ ኦቦ ዳቢሴ። እኔ ነኝ ያልሰማሁ።"

"አንዴ ብቻ ነው የነገርኩሽ" አላት። "የእኔ እናት ብትሆን አንዴ ተናግሬ ዝም እል ነበር?"

ሀዋኒ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች።

ቤቱን ትታ አጋርፋ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ዳቢሴ ሥራውን አልተወም፤ ሌላ ምን ያውቃል? ዝምታውን ግን ተወ። በር አንሳልኝ ያለውን ሁሉ እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ማን የት እንደሚተኛ ይጠይቃል፤ ይከራከራል፣ ይለምናል። ባለፈው ሳምንት ጎባ ላይ በር ሊያስነሳ የጠራው አንድ ባለ ሱቅ፣ "አናጢ ጠራሁ እንጂ መካሪ ጠራሁ እንዴ?" ብሎ ስቆ ወደ ሌላ ሰው ደወለ። ዳቢሴ መሣሪያውን እየሰበሰበ ያንኑ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ነገረው። ሰውየው ስልኩ ላይ ነበር።

ወደ ሮቤ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ዳቢሴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ።