የብርቱካን መልስ

ባለፈው ሳምንት ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተነፈሰና ሁላችንም መንገድ ዳር ወረድን። ከመንገዱ ማዶ የበቆሎ ማሳ አለ። ገበሬው ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሮ ያረጁ ሲዲዎች አንጠልጥሎበታል። ነፋስ ሲያዞራቸው የፀሐይዋን ብርሃን እየመለሱ ዓይን ይወጋሉ። ወፍ ማባረሪያ መሆናቸው ነው። አብራኝ የወረደች ሴትዮ "ጎበዝ ገበሬ ነው!" ብላ ሳቀች። እኔ ጠጋ አልኩና አንዱን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ የሙሽሮች ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፎበት ኖሯል፤ ተልጦ ተልጦ የቬሎው ጫፍ ብቻ ቀርቷል። የማን ሰርግ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ጎማው ተቀይሮ ስንሄድ ሺሺንዳ እስክንደርስ እህቴ ብርቱካን ከሐሳቤ አልወጣችም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። የኛ ሚሊኒየም ሊገባ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው፤ ሞባይል ገና ለሰው ሁሉ አልደረሰም። ከጓደኛዬ ከአብዱ ጋር ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ጠባብ የቪዲዮ ቤት ከፍተን ሰርግና ምርቃት እንቀርጽ፣ የተቀረጸውንም በዲስክ እንገለብጥ ነበር። የአብዱ ቤተሰቦች ከወሎ መጥተው በንግድ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። እሱ ዕቃ አይቶ መምረጥ ከአባቱ ነው የወረሰው። ባዶ ዲስክ ሲገዛ አንዱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ያነሳዋል፤ ብርሃን ቦታ ቦታ እየመረጠ የሚያሳልፍ፣ ቀለሙም የተዥጎረጎረ ከሆነ ለባለሱቁ ይመልስለታል። ከአንድ እሽግ ሁለት ሦስቱን ቀርጾ ሳይሞክር ለሰው ሥራ አያውልም። ኮምፒዩተሩ በፍጥነት ልቅዳ ቢልም እሱ ዝቅ ያደርገዋል። እኔ እየተቁነጠነጥኩ "ደንበኛ ቆሟል እኮ" ስለው "ቆሞ ይውሰድ፤ ቤቱ ገብቶ ከሚያለቅስ" ይለኝ ነበር።

ትልቁ ጠባችን ግን ከደንበኛ ጋር ነበር። ሰው ሁሉ ዲስኩ ላይ ፎቶ ይፈልጋል። የጅማ ስቱዲዮዎች የሙሽሮቹን ፎቶ በወረቀት አትመው፣ ዙሪያውን በአበባ አስጊጠው ይለጥፉበታል፤ ሲያዩት ያምራል። የቦንጋ ዝናብ ግን ወረቀት አይምርም። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዘንባል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ እንኳ ይሻግታል። ወረቀቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ዳሩ ይነሳል፣ ዲስኩን ይዞት ይጎብጣል። ማጫወቻው ውስጥ ሲሽከረከር እየተንገጫገጨ ምስሉ ይቆማል። በእስክሪብቶ መጻፍም ያው ነው፤ የተቀዳው ነገር ያለው ከላይኛው ፊት ሥር ስለሆነ ጫፉ ይቧጭረዋል። እኛ ለስላሳ ማርከር ይዘን፣ ቀዳዳው ዙሪያ ባለችው ብርሃን በምታሳልፈው ጠባብ ቀለበት ላይ ስም ብቻ እንጽፍ ነበር። ሰው ይህን አይወድም። "ይሄ ምኑ ሰርግ ነው?" ይሉናል።

ብርቱካን ታናሼ ናት። ዋጫ ከተማ የሚያስተምር ተካልኝ የሚባል ልጅ አገባት። እኔ የሙሽራዋ ወንድም ነኝና ካሜራ ልይዝ አልችልም፤ የሙሽራው ወገኖች ከጅማ ቪዲዮ ቀራጭ አመጡ። ሰርጉ ካለፈ በኋላ እኛ ቤት መልስ ተደገሰ። እናታችንን በልጅነታችን ስላጣን የሴቱን ሥራ ጎረቤቶች ናቸው የያዙት። ቆጮው፣ ጎመኑ፣ አባቴ ማንኪራ ጫካ ካሉት ቀፎዎች በቆረጠው ማር የተጣለው ጠጅ፣ ሁሉም ሞልቶ ነበር። ማምሻው ላይ ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ ብርቱካን የአባቴን ጉልበት ሳመች፤ ቀና ብላም በግራ ጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። አባቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በር ላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ምርቃት መስሎኝ ነበር።

ዲስኩ ከጅማ ሲመጣ ፎቶው ተለጥፎበት ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ ጊዜ አየነው፤ በጫጫታና በሳቅ "እኔን እዩኝ! እኔን እዩኝ!" ሲባባሉ አለቀ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ዓመት ሳይሞላ፣ ክረምት መሐል፣ ብርቱካን ምጥ ያዛት። ከዋጫ ይዘዋት ሲወጡ መኪናው ጭቃ ያዘው። ሰው ተጠርቶ ተገፍቶ ሲወጣ ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ቦንጋ ሆስፒታል ስትደርስ ልጇን ወልዳ እሷ አልፋለች። ሕፃኗን የተካልኝ እናት ተቀብለው ዋጫ ወሰዷት።

ቤታችን ሐዘን ሆነ። ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፈነ፤ ዓመቱን ሙሉ የነካው የለም። የሙት ዓመቷ በወጣ ማግስት ጠዋት አባቴ ነጠላውን ራሱ አነሳና በካፋ ቋንቋችን፣ በካፊኖኖ፣ "የልጄን መልስ ክፈትልኝ" አለኝ።

ሰርጉ ደህና ሄደ። መልሱ ጋ ሲደርስ ምስሉ ተሰባበረ፣ ቆመ። አውጥቼ ሳየው ወረቀቱ አብጦ ዳሩ ተነስቷል። ዲስክ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር ነው የሚሞላው፤ መጨረሻው ያለው ዳሩ ላይ ነው።

"ሌላውን አይተሃል አባዬ፣ ይበቃል" አልኩት።

"ሌላውን አልነበረም የፈለግሁት" አለ። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ መስታወት አላነሳም። "የዚያን ዕለት በዚህ በማይሰማው ጆሮዬ አንድ ነገር ነገረችኝ። ጭፈራ ነበር፣ አልሰማሁም። ምን አልሽኝ ማለት አፈርኩና እሺ አልኳት። ምን ብላኝ ነው እሺ ያልኳት?"

ዓመቱን ሙሉ ይህን ነበር ተሸክሞ የኖረው።

በማግስቱ ጅማ ወረድኩ። ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ልጅ አዘነልኝ፤ ግን የካሜራው ካሴት ላይ ሌላ ሰርግ ተቀርጾበታል። የዚያን ጊዜ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ስመለስ አብዱ ዲስኩን በሁለት ጣቱ ዳር ዳሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ አየው። ወረቀቱን ልልጠው ስል እጄን ያዘኝ።

"እንዳትነካው! ወረቀቱ ብቻውን አይመጣም፣ ብርቱካንንም ይዟት ይመጣል።"

በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አባቱ ሱቅ ውስጥ፣ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ፣ በከባድ መጻሕፍት መሐል አስተኛው። ቀናት ጠበቅን። ዲስኩ ጎባጣነቱ ሲቀንስ አብዱ ከተበላሸ አሮጌ ኮምፒዩተር የተነቀለች አንዲት ዘገምተኛ የዲስክ ማንበቢያ አመጣ። አዲሶቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ትንሽ ሲንገጫገጭባቸው ይተዉታል። ይህቺ ግን እያቃሰተች፣ እየቆመች፣ እንደገና እየሞከረች ታነባለች። መብራት ሲሄድ እንደገና እንጀምራለን። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ምስሉ ቦታ ቦታ ቢበጣጠስም፣ መልሱ እስከ ማብቂያው ወጣ።

አብዱ ማዳመጫውን ለእኔ ሰጥቶ ከቤት ወጣ። ቀራጩ ፊታቸው ሥር ገብቶ ኖሯል። ከጭፈራው በታች የእህቴ ድምፅ ተሰማኝ። በካፊኖኖ፣ በልመና ድምፅ፣ "አባዬ፣ የመጀመሪያ ልጄን ሰው ቤት መውለድ እፈራለሁ። የመውለጃዬ ወር ሲገባ አንተ ራስህ መጥተህ ውሰደኝ፣ እሺ?" ትላለች። አባቴም ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ደስ ብሏት ትስቃለች።

አባቴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ምን ልበለው? ከእኔ አፍ ከሚሰማ ከእሷው ይስማ ብዬ አስገባሁትና ማዳመጫውን በደህናው ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ሰማ። "ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

"ልሄድ ነበር እኮ" አለ። "ወሩ ሲገባ ልሄድ ተነስቼ ነበር። የባሏ ወገኖች ናቁን ይላሉ፣ እነሱ ይላኩብኝ ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ ደግሞ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስትል..." አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ስትቀበርም አላለቀሰም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። ጋቢውን ለብሶ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ማር አሲዞ ዋጫ ወረደ። የተካልኝ እናት መጀመሪያ ተቆጡ፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፣ እውነታቸውን ነው። አባቴ ሁሉንም ነገራቸው። "እናቲቱን መጥቼ እወስዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ልጅቱን ልውሰድ" አላቸው። ሴትዮዋ አልቅሰው ሕፃኗን ራሳቸው አዘሏት፤ እስከ መኪናው ድረስም ሸኟት። ሕፃኗ ትዕግሥት እኛ ቤት ገባች።

አባቴ ዲስኩ እንደገና ሲገለበጥ የብርቱካን ፎቶ ይለጠፍበት ብሎ ለምኖ ነበር። አብዱ "ጋሽ ገብሬ፣ ያንን እንኳ አይዘዙኝ" አለውና ያለውን ምርጥ ዲስክ አውጥቶ፣ በዝግታ ቀድቶ፣ ጠባቧ ቀለበት ላይ በማርከር ስሟን ጻፈ። ፎቶዋን ግን ማስቀመጫው ክዳን ላይ አደረገለት። አንዱ ቅጂ እኛ ቤት፣ አንዱ ዋጫ፣ አንዱ አብዱ ጋ ተቀመጠ።

አባቴ ካረፈ ቆየ። አብዱም አዲስ አበባ ገባ፤ ለበዓል እንደዋወላለን። ትዕግሥት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ልጅ ሳለች ዲስኩን እንክፈትልሽ ስንላት ትሸሽ ነበር፤ እኛም አላስገደድናት። ልትሄድ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ግን ራሷ ጠየቀችኝ። ከዲስኩ ወደ ስልኬ ያዞርኩትን ከፍቼ ሰጠኋትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። እናቷ ስትጨፍር፣ ስትስቅ፣ ጎንበስ ብላ ስትለምን እስከ ማብቂያው አየች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ግራ እንደተጋባ ሰው ዞር ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ እናቴ ልጅ ነበረች እኮ" አለችኝ።

እኔ እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም። በሐሳቤ ብርቱካን አብራኝ ስታረጅ ኖራለች። ትዕግሥት ትንሽ ቆይታ በዕድሜ ታልፋታለች፤ እህቴ ግን በዚያው ዕድሜዋ፣ አባቷ እሺ እንዳላት ደስ ብሏት፣ እየሳቀች ትቀራለች።