የጨዋታ ቀን ኪራይ የለም

ክለቡን አውቶብሷ ታኖረዋለች ያልኩት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላይ ላላክክ ብል የሚሰማኝ የለም፤ ሰበታ ውስጥ ይህን የማያውቅ የኳስ ሰው አይገኝም።

ያኔ የክለቡ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ኑሮዬን የምገፋው በጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ነው። ችግራችን የትንንሽ ክለቦች ሁሉ ችግር ነበር። በጀት ከከተማው ይመጣል፤ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ግማሹ ብቻ ይመጣል። ሜዳችን አጥር ስለሌለው ቲኬት መሸጥ የማይታሰብ ነው። ተመልካቹ መንገድ ዳር ቆሞ በነፃ ያያል፣ ሲከፋው ደግሞ እንደ ከፈለ ሰው ይሳደባል። ተጫዋቾቹ ሁለት ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ይቆያሉ። ግብ ጠባቂያችን የቤት ኪራይ አጥቶ ዕቃው ደጅ በወጣበት ሳምንት ልምምድ ቀረና አሰልጣኙ ሲቆጣው አጠገባቸው ነበርኩ። አፈርኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ካፈርኩ መላ ካላመጣሁ አርፌ አልቀመጥም።

የነበረን ንብረት አንድ አሮጌ አውቶብስ ነው። ከዚያ በፊት ከሜዳችን ውጭ ስንጫወት የምንሄደው በአይሱዙ ነበር፤ ተጫዋቹም ደጋፊውም የጭነቱ ቦታ ላይ ቆሞ። አውቶብሷን የገዛናት በሕዝብ መዋጮ ነው፤ ከሁሉ በላይ ያዋጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የተፍኪ ገበሬ ናቸው፤ ካረጁ በኋላ ሰበታ ሴት ልጃቸው ዘንድ ገቡ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁላችንም «ኦቦ» ነው የምንላቸው። ለአውቶብሷ መግዣ አንድ ሰንጋ ሸጠው ብሩን ለኮሚቴው አስረከቡ። ጨዋታ አያመልጣቸውም ነበር። ከጎሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ገና ኳሷ ሳትነካ «ጀባዳ! በርቱ ልጆቼ!» ይላሉ። አምስት ጎል ሲገባብንም ያው «ጀባዳ» ነው።

ይህቺ አውቶብስ በሳምንት አንድ ቀን ትሠራለች፣ ስድስት ቀን ፀሐይ ይመታታል። ለምን አናከራያትም አልኩ። አሰልጣኙ አልወደደውም። «መኪናዋ የቡድኑ ናት። ገንዘብ ማምጣት ከለመደች በኋላ እኛን ማን ያስታውሰናል?» አለኝ። ሳቅኩበት።

ሠርግ ጀመርን፤ የማኅበር ጉዞ፣ የተማሪዎች ሽርሽር ተከተለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ደመወዝ በቀኑ መክፈል ቻልን። ግብ ጠባቂው አዲስ ቤት ተከራይቶ ሱቄ ድረስ መጥቶ ጨበጠኝ። ልቤ አበጠ። ከቡራዩ የአንድ ትንሽ ክለብ ሰዎች ልምድ እንቅሰም ብለው ሲመጡ እግሬን አጣምሬ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኳቸው። በጀት ጠባቂነት ይብቃን፣ ክለብ የራሱ ገቢ ይኑረው እያልኩ። ሐሳቡ ዛሬም ስህተት አይመስለኝም። ወደ አውቶብሷ ይዣቸው ሄጄ ደንባችንንም አሳየኋቸው። ራሴ በወፍራም ማርከር ጽፌ ከሾፌሩ ራስ በላይ የለጠፍኩት ነው፤ «የጨዋታ ቀን ኪራይ የለም»።

የዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታችን ሱሉልታ ላይ ነበር። አቻ ከወጣን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ከወረድን ደግሞ በጀት እንደማይመደብልን በግልጽ ተነግሮናል። በአንድ ነጥብ ላይ ተንጠልጥለን ነበር።

በዋዜማው ጠዋት ኦቦ ዐረፉ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋር ሱቄ መጣች። እሷና እኔ አንድ ክፍል የተማርን ነን። ድምጿ ተዘግቷል። ቀብሩ በማግስቱ አምስት ሰዓት፣ ተፍኪ፣ የኦቦ አባት የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቀስተኛው በምን እንደሚሄድ ጨንቋቸዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በነፃ አላልንም፤ እድሩ ሙሉ ኪራዩን ይከፍላል» አሉ።

ተፍኪ ቅርብ ነው። በስድስት ተኩል ትመለሳለች ብዬ ገመትኩ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባን አቋርጦ ሱሉልታ ለመድረስ ይበቃናል። «ምንም ችግር የለም፣ ጠዋት በራችሁ ላይ ትቆማለች» አልኳቸው። ስለ ጨዋታው አላነሳሁም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተጫዋቾቹ ቦርሳቸውን ይዘው ሜዳው ዳር ተሰበሰቡ። ስድስት ተኩል ሆነ። ሰባት ሆነ። ሾፌሩ ጋ ደወልኩ።

«ገና አልተቀበሩም» አለኝ በሹክሹክታ። «ከጅማ የሚመጣ ወንድ ልጃቸው እየተጠበቀ ነው።»

ይህን እንዴት አላሰብኩም? ስንት ቀብር ቆሜያለሁ፤ መንገድ ላይ ያለ ልጅ ሳይደርስ አፈር ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

«ባዶዋን ይዘሃት ና!»

«አስከሬኑ እዚህ ተቀምጦ፣ ሰው እያለቀሰ፣ እኔ ሞተር ላስነሳ? እርስዎ ቢሆኑ ያደርጉታል?»

ጮኽኩበትና ስልኩን ዘጋሁት። እኔም ብሆን አላደርገውም ነበር።

ታክሲ ተራ ሮጬ ሁለት ሚኒባስ ለምኜ አመጣሁ። አዲስ አበባ ስንገባ መንገዱ ተጨናንቋል። ልጆቹ መኪናው ውስጥ ማሊያቸውን ለበሱ፣ የጫማቸውን ክር አሰሩ። አሰልጣኙ ከፊት ተቀምጦ ሰዓቱን ብቻ ያያል፤ ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። ሱሉልታ ስንደርስ ዳኞቹ የሚጠበቀውን ያህል ጠብቀው፣ ፎርፌ ጽፈው ሄደዋል። ባለሜዳዎቹ ልብሳቸውን እየቀየሩ ነበር። ግብ ጠባቂያችን ግን ጓንቱን እንዳጠለቀ ሮጦ ሄዶ ጎሉ መሀል ቆመ። ማንም ውጣ አላለውም። እኔ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ወረድን። በጀቱ ቀረ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ አውቶብሷም ለሌላ ሥራ ተሰጠች። የቡራዩዎቹ ደውለው «ያ አሠራር እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ «ደንቡን አክብሩ» ብዬ ሌላ ወሬ ጀመርኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ለቀብር እንዴት እምቢ ይባላል? ያውም ለኦቦ!» እላለሁ። ሰውም እውነትህን ነው ብሎ ያዝንልኛል። ጥሩ መደበቂያ ሆነኝ። እኔ ግን ልቤ ያውቀዋል። የወሰንኩት የእድሩ ሽማግሌ «ሙሉ ኪራዩን» ሲሉ ነው። ለወሩ ደመወዝ ጥቂት ጎድሎን ነበር። ጨዋታ አለብን ብል ሌላ መኪና ፈልገው ገንዘቡ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ለአርባቸው ልጃቸው ቤት ሄድኩ። እንግዳው ሲቀንስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ወረቀቱን ያነበብኩት ከቀብር ስንመለስ ነው» አለችኝ። «ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለውን። ዛሬ ጨዋታ አላችሁ እንዴ ብዬ ሾፌሩን ስጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።»

የያዝኩትን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያን ጊዜ ሐዘን ላይ ሆነሽ፣ እንዴት ብዬ…»

«አይሱዙ እንይዝ ነበር እኮ» አለች። «አባባ ስንት ጊዜ አይሱዙ ላይ ቆመው ነው እናንተን ተከትለው የሄዱት።»