አባባ፣ ስልኩን አያንሱት

ልጄ ተወልዳ ሁለት ወር ሲሞላት ስም አልነበራትም። ይህን የሚሰማ ሰው እኛ ቤት ስም ያለቀ ይመስለው ይሆናል። አላለቀም፤ ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ አንድ አንድ ይዞ ነበር የሚመጣው። የጠፋው ስም አውጪው ነው። ባለቤቴ ለትምህርት ሕንድ አገር ሄዷል፤ አማቴ ደግሞ «አባት በሕይወት እያለ ለልጁ ስም የሚያወጣ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?» ብለዋል። እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የስንቱን ገበሬ የድንበር ክርክር የፈቱ ሽማግሌ ናቸው፤ የእኔ ልጅ ስም ምን ይከብዳቸዋል?

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። የክርስትና ስሟን ቄሱ ያወጡላታል። መጠሪያዋ ከአባቷ እስከዚያ ካልመጣ ግን፣ አማቴ የእናታቸውን ስም እንደሚሰጧት ከወዲሁ አስታውቀዋል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ስም ተሸክማ ትምህርት ቤት የምትገባ ልጅ ገና ሳስባት ታሳዝነኝ ነበር። እስከዚያው ሁሉም «ሚጡ» ይላታል። እኔም ሰው ፊት «ሚጡ» እላታለሁ።

ታዲያ ደውሎ አይነግራችሁም ነበር ወይ ትሉ ይሆናል። ደውሏል እንጂ። ሴት መወለዷን ከሰው ሰምቶ በሳምንቷ ከሕንድ ደወለ፤ ስልኩን ያነሱት አባቱ ናቸው። ሰላምታ ጀመሩ። ጤናውን ጠየቁ፣ እንቅልፉን ጠየቁ፣ የአከራዩን ጤና፣ የአከራዩን ልጆች ጤና ጠየቁ። ቀጥለው ወደ ሕንድ ክረምት ገቡ፤ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ሰብሉስ? እኔ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ስሟን፣ ስሟን» እያልኩ በእጄም በዓይኔም እጠቅሳለሁ። እሳቸው ግን ሰላምታ ከመሀል የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። ገና ከብቱ ላይ ሳይደርሱ የልጁ ገንዘብ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። አማቴ እጀታውን በክብር አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩና «ደህና ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አልደወለም፤ የተማሪ ኪስ የአባቱን ሰላምታ አይችልም። ከዚያ በሚመጣ ሰው «በኢሜይል እየጻፍኩልሽ ነው፣ ኮምፒዩተሩን አስነሺና አንብቢ» ብሎ ላከብኝ።

ኮምፒዩተሩን ከመሄዱ በፊት አዲስ አበባ ከአንድ ቢሮ አሮጌ ገዝቶ፣ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አቅፎ ነው ያሻገረው። እኔን በሙሽርነቴ እንኳ እንዲህ አላቀፈኝም። ባጃጅ ገና ከተማችን ስላልገባ ከመናኸሪያ እስከ ቤት በጋሪ መጣ፤ ሰፈሩም ታቦት እንደሚሸኝ ከኋላ ተከተለው። ከጎኑ ሞደም የሚሉት ትንሽ ሳጥን አለ። የሞደሙ ሥራ በቤቱ ስልክ ገመድ አዲስ አበባ ደውሎ ደብዳቤ ማምጣት ነው፤ ለመደወል ግን ፕሮግራም ይፈልጋል። ባለቤቴም አንዱን መርጦ እንደመጫን፣ ሦስት ፕሮግራም በፍሎፒ ገልብጦ «የሚሻለውን ምረጡ» ብሎን አውሮፕላኑ ላይ ወጣ። ጎበዝ ነው፤ ሁልጊዜም ሥራ ማካፈል ይወዳል።

እንግዲህ መረጥን። አማቴ ከቅዳሴ መልስ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ወንበር አስቀርበው ተቀመጡ። ባለሙያችን ዋርሳዬ ነው፤ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። አዲስ አበባ አጭር የኮምፒዩተር ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከሥዕለ ማርያም ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሰቅሎታል። ዝቅ ማድረጉን እንደ ትሕትና ቆጥረንለታል።

«በተራ ይቅረቡ» አሉ አማቴ።

መጀመሪያ የቀረበው ሉል የሚያዞር ነበር። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ሉል ሳይ ደስ ይለኛል። እስያ አለፈች፣ ሕንድን አየናት፣ አማቴ «ልጄ ያለው እዚያ ነው» አሉ፤ አፍሪካ ብቅ ስትል ኮምፒዩተሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። ዋርሳዬ ሜሞሪ እንዳነሰው አስረዳ። «አቅም የሌለው ይመለስ» ተብሎ ተፈረደበት።

ሁለተኛው ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ጥግ ላይ ጥቂት ነጫጭ ፊደላት አሉ፤ ሌላ ምንም የለም።

«መብራት ጠፋ እንዴ?» አሉ አማቴ።

«አልጠፋም፣ ፕሮግራሙ እንዲህ ነው። የድሮ ነው አባባ፣ ዛሬ ማንም አይጠቀምበትም» አለ ዋርሳዬ፤ አፍሮበት ቶሎ ዘጋው።

ሦስተኛው ርግብ ነበር። በሰማያዊ ሰማይ ላይ ነጭ ርግብ ደብዳቤ በአፏ ይዛ ከግራ ወደ ቀኝ ትበራለች። አማቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ለኖኅ ታምና የተላከች ወፍ እኛ ቤት ስትመጣ ማን ይከራከራል? እኔ ተከራከርኩ። ዋናው ነገር ምን ትመስላለች ሳይሆን ትደውላለች ወይ ነው አልኩ። ዋርሳዬ በርኅራኄ አየኝና «አንቺ አራስ ነሽ፣ አትድከሚ» አለኝ። ቆሽቴ አረረ፤ ግን ልጅ ታቅፌ ስለነበር የምወረውርበት እጅ አልነበረኝም።

ርግቧ ተጫነች። ሲደወልባት ጥሩ ትዘምራለች፤ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ድምፅ አለው። ችግሩ የከተማችን ስልክ አሮጌ ነው፤ የሚገባው ቁጥሩ በጣት ዞሮ ቀጭ ቀጭ ሲል ብቻ ነው። ይህን ያህል የዜማ ሊቅ ባፈራ አገር ዜማ የማይገባው ስልኩ ብቻ ሆነ። ዋርሳዬ ይህን ስላላወቀ በገመዱ አሳበበ፣ በመብራቱ አሳበበ፣ በደመናው አሳበበ፣ በመጨረሻም ልጅቷ ስታለቅስ መስመሩ ይረበሻል አለ። ርግቧን እያጠፋ ደጋግሞ ጫናት። እሷ ትበራለች፣ እኛ ቁጭ ብለን እናያታለን፣ ክርስትናው እየቀረበ ነው።

አንድ ቀን ልጄን እያጠባሁ ያን የተናቀ ጥቁር ፕሮግራም ከፍቼ መመሪያውን አነበብኩ። ቁጥሩን እንደ ድሮ ስልክ እየቆጠረ መደወል እንደሚችል ይናገራል። ዋርሳዬ ጎረቤት ከተማ አምበር ለሠርግ ሄዶ ስለነበር ሥራው ቶሎ አለቀ።

ደወልኩ። ሄደልኝ። ሞደሙ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ከአዲስ አበባ በኩል ጩኸት መጣ፣ የእኛም ጮኸ፤ ልቤ ተሰቀለ። ከዚያ ጭጭ አለ። ተቋረጠ። እንደገና ብደውል እንደገና ተቋረጠ። ወደ ሳሎን ወጥቼ ሳይ፣ አማቴ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

ለካስ ጥቁሩ ፕሮግራም በቆጠረ ቁጥር የሳሎኑ ስልክ ደወል ቅጭል ቅጭል ይላል። አማቴም ያነሳሉ። «አቤት፣ እንደምን ዋላችሁ» ይላሉ፤ ወዲያው መስመሩ ይበጠሳል።

«አባባ፣ ስልኩን አያንሱት። የምደውለው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንቺ? በተቆለፈ ስልክ?»

የስልኩ መዘውር ላይ ትንሽ ቁልፍ አለ፤ መክፈቻው ከኪሳቸው አይወጣም። ጎንበስ ብለው ቁልፉን ነካ ነካ አደረጉት። እንደተቆለፈ ነው። ቀና ብለው ሲያዩኝ በመስኮት የገባ ሌባ ያዩ ይመስሉ ነበር።

ገባኝ አሉ፣ አላነሳም አሉ። ግን ደወል ሲሰሙ እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ይደርሳል። እየተጠራ የማይመልስ ቤት ሐዘን የገባበት ቤት ነው ብለው ያደጉ ሰው ናቸው። እኔ እደውላለሁ፣ እሳቸው አቤት ይላሉ፣ ይቋረጣል። አንድ ጊዜማ እጀታውን ሲያስቀምጡ «የአዲስ አበባ ሰው እኮ ሰላምታ ድሮ ቀረ፤ እንደምን ዋላችሁ ስትለው ይጮኽብሃል» ሲሉ ሰማኋቸው።

ጠላው ተጠመቀ። ክርስትና እናቷ ቀሚሷን ይዛ መጣች። የዚያን ቀን መስመሩ ሲቋረጥብኝ ሆዴ ባሰኝና ልጄን ታቅፌ ሳሎን ወጥቼ አማቴ ፊት አለቀስኩ። ማልቀስ አልወድም፤ መሳደብ ይቀለኛል፤ አማት ግን አይሰደብም።

«አባባ፣ የልጅዎ ደብዳቤ በዚያ ገመድ ውስጥ ነው ያለው። እርስዎ አቤት ባሉ ቁጥር ከደጅ ይመለሳል» አልኳቸው።

እስካሁን ያስቸገሩን እሳቸው እንጂ ማሽኑ አለመሆኑ አልገባቸውም ነበር። ከዚያ ወንበራቸውን ስልኩ አጠገብ ስበው ተቀመጡ፣ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው አጥብቀው ያዙና «ደውዪ» አሉኝ።

ደወልኩ። በሩ ክፍት ስለሆነ አያቸዋለሁ። ስልኩ ቅጭል ሲል ትከሻቸው ይሰበቃል፤ ከንፈራቸው «አቤት» ይላል፣ ድምፅ አያወጡም። እጃቸው ግን ከጋቢው አልወጣም። ጩኸቱ መጣ፣ ጸጥ አለ፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ።

ደብዳቤዎቹ ብዙ ነበሩ፤ አማርኛው በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። እየጮኽኩ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ማን አልሻት?» ይላል። ቀጥሎ ያለው «ስሟን ለምን አትነግሪኝም?» ይላል። የመጨረሻው እንዲህ ነበር፦ «እዚህ ሴት ልጅ ወለድኩ ስላቸው ስሟን ይጠይቁኛል፤ አላውቅም ስል አፍራለሁ። ዘጠኝ ወር የተሸከምሻት አንቺ ነሽ፤ ማን እንዳልሻት ብቻ ንገሪኝ።»

እኛ የሱን ስም ስንጠብቅ፣ እሱ ደግሞ የኔን ሲጠብቅ ከርሟል።

አማቴ ስክሪኑ ወዳለበት ክፍል ዞሩና «ታዲያ አንቺ ማን አልሻት?» አሉ።

ከተወለደች ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስሟን ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ። በሩን ዘግቼ ሳጥባት የምጠራት በሱ ነው። በቀስታ ተናገርኩት።

አማቴ ለራሳቸው ደገሙት።

«ታውቀዋለች?» አሉኝ።

«ታውቀዋለች።»

«የምታውቀውን ስም ማን ይነጥቃታል» አሉ። ስለ እናታቸው ስም ከዚያ ወዲያ አላነሱም።

መልሱን ጽፌ ልኬ መስመሩን ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ የእውነት ጠራ። አማቴ እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም። ጠራ፣ ጠራ። ቤቱ የሳቸው፣ ስልኩ የሳቸው፣ ቁልፉ የሳቸው፤ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ላንሳው?» አሉኝ።

«ያንሱት አባባ።»

አንስተው «አቤት» አሉ፤ ማን እንደደወለ ሳይጠይቁ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ፣ የልጅ ልጃቸውን ስም ነገሩት።