የውሃ ልክ ጎማ

አባቴ ጉልበታቸው ከተያዘ ወዲህ በየዓመቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይገባሉ። አምና ግን ያች አሮጌ የናፍጣ ፒክአፔ ከሐሙሲት ታጥፈን ኮረኮንቹን ዳገት ስንጀምር ቀጥ አለች። የአካባቢው ገበሬዎች የባሕር ዛፍ እንጨት በገመድ አስረው ቃሬዛ ሠሩና አባቴን ተሸክመው አደረሷቸው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሰው የተሸከሙ እንጂ ሰው ተሸክሟቸው የማያውቁ ናቸው፤ መንገዱን ሁሉ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ሄዱ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ነዳጁ ውሃ ገብቶበት ነው እላለሁ።

ውሸቴን ነበር። እኔ ግንበኛ ነኝ። የነዳጅ ቱቦው የተሰነጠቀ ጊዜ፣ ጋራዥ መመላለሱ ሰልችቶኝ፣ ግንብ የምናስተካክልበትን ውስጡ የሚታይ የውሃ ልክ ጎማ ቆርጬ የቀጠልኩበት ራሴ ነኝ። ያ ጎማ ናፍጣ ሲነካው ከርሞ እንደ አጥንት ደረቀ፣ አየር መሳብ ጀመረ። ዳገት ላይ ሞተሩ የጠፋው ለዚህ ነበር።

ዘንድሮ ጊዜው ሲደርስ አባቴ ሁለተኛ እዚያች መኪና ላይ እንደማይወጡ ቁርጡን ነገሩኝ። በእግር እንዳይሄዱ ጉልበት የለ፤ በቅሎም ከእንግዲህ አይችሉ። ደብረ ታቦር ቤታቸው ተቀምጠው ሲያቃስቱ ልሰማ ነው? እልህ ያዘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ሥር ገባሁ። ከታንኩ እስከ ፊልትሮው፣ ከዚያም ናፍጣውን ለሞተሩ እስከሚገፋው ፖምፓ ያለውን ጎማ አንድ ሳላስቀር ነቀልኩ። መካኒክ ወዳጄ የተበላሸውን ብቻ ቀይር ቢለኝም እንቢ አልኩት። ትክክለኛውን የናፍጣ ጎማ ገበያው ዳር ካለው ባለሱቅ አስለክቼ አምጥቻለሁ። አንዱ የጎማ ማጥበቂያ ዝጎ አልፈታ አለኝ፤ ካቻቢቴው አንሸራቶ ጣቴን ላጠው። ረገምኩት፣ ወዲያው ደንግጬ አማተብኩ፣ ደግሞ ያዝኩት። ናፍጣው በእጅጌዬ ገብቶ በወገቤ ወጣ። በመጨረሻ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እየተጫንኩ አየሩን አስወጣሁ፤ አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍጣ ሲመጣ የአየር ማስወጫውን ብሎን አጠበቅሁ።

አባቴ ለምኛቸው ለምኛቸው በአንድ ነገር እሺ አሉ። ከአምና ወዲህ ለራሳቸው ያሠሩት ቃሬዛ አለ፤ እሱ ከኋላ ይጫን አሉ። ጫንኩት።

አምና የቆምንበት ዳገት ላይ ስንደርስ፣ «አቁም» አሉኝ። አቆምኩ።

«ሞተሩን አጥፋው።»

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። አጥፍቼው ባይነሳስ? አጠፋሁት። ዓመቱን ሙሉ የደበቅሁትንም ተናገርኩ።

«አባባ፣ አምና ያቆመን ነዳጁ አልነበረም። በውሃ ልክ ጎማ የቀጠልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ስትቆርጠው በረንዳው ላይ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እስክትነግረኝ ነዋ።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «በል አስነሳው።»

ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ወንዛዬ ስንደርስ አባቴ በከዘራቸው ወረዱና ቃሬዛውን ለሌላ በሽተኛ እዚያው እንድተወው አዘዙኝ።