ሽማግሌ የላከው ክለብ

ልጄን ለትዳር የጠየቀን እስካሁን የለም። ሽማግሌ ግን ተልኮብናል፤ የላከውም የቅርጫት ኳስ ክለብ ነው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳወራ የማያውቀኝ ሰው የምቀልድ ይመስለዋል፤ የሚያውቀኝ ደግሞ ተቀምጦ ይሰማኛል።

ልጃችን ረጅም ናት። እኔም አባቷም አጭር ነን፤ ቁመቱን ከየት እንዳመጣችው ጌታ ይወቀው። ከትንሽነቷ ጀምሮ ኮሎምበስ ዳር ካለው ሰፈራችን ከዌስተርቪል እየነዳሁ ያላደረስኳት ጂም የለም፤ መኪናዬ ከላብ ሽታ የተገላገለው ኮሌጅ ስትገባ ነው። ኮሌጅም ተጫወተች፣ ተመረቀች፣ እኛም እፎይ አልን። አባቷ ነርሲንግ አፕላይ እንድታደርግ ይጎተጉታት ጀመር። እሱ ዳውንታውን የስቴት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ለሳምንት የሚለብሰውን ሸሚዝ እሑድ ተኩሶ የሚሰቅል ሰው ነው፤ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ካልተሰናዳለት አይሆንለትም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጅቷ ሹካዋን አስቀምጣ፣ መቄዶንያ ያለ ክለብ ሊወስደኝ ይፈልጋል አለችን። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ አማርኛ የምትናገረው ስትለምን ብቻ ነው። መቄዶንያን እኔ የማውቃት ከሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አሁንም በቦታዋ መኖሯን፣ ያውም ሴቶች ደመወዝ እየተከፈላቸው ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱባት አገር መሆኗን በየት በኩል ልስማ?

“ኳስ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?” አለ አባቷ። “አይሆንም።”

በኋላ ኩሽና ውስጥ ለብቻዬ አስረዳችኝ። በእነሱ ሙያ ከኮሌጅ ወጥቶ አንድ ዓመት የተቀመጠ ሰው ይረሳል። እሷን የጠየቀ ሌላ ክለብ የለም። ይህ ካመለጣት ከልጅነቷ ጀምሮ የለፋችበት ነገር እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው። አባቷን ሳታስፈቅድ ደግሞ አትሄድም፤ ትልቅ ሰው ናት፣ መብቷ ነው፣ ግን አትሄድም። ኮራሁባትም፣ አንጀቴንም በላችው።

የክለቡ አሠልጣኝ ሴት ናት። በቪዲዮ ሲያወሩ ከኋላ ቆሜ አየኋት፤ ፀጉሯን ጠቅልላ ያሰረች፣ ቀጭን፣ ቁጡ የምትመስል ሴት። “አባትሽ ምን ቢደረግላቸው እሺ ይላሉ?” ስትላት፣ ልጄ በዚያ ሰሞን የአክስቷ ልጅ ሽምግልና ላይ ሳህን ስታመላልስ ውላ ነበርና፣ “በእኛ ባህል ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው ነው የሚጠይቁት” አለቻት። ለቀልድ ነው ያለችው። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ምን ለብሰው ነው የሚሄዱት፣ ምንስ ብለው ነው የሚጀምሩት ብላ ጠየቀቻት።

ቅዳሜ የበሩ ደወል ጮኸ። ባለቤቴ በቁምጣ ጓሮ ሣር እያጨደ ነበር። በሩን ስከፍት ሦስት ፈረንጅ ሽማግሌዎች ሙሉ ሱፍ ለብሰው ቆመዋል፤ ትልቁ ሰውዬ በዚያ የሰመር ሙቀት የክለቡን ቀይ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል። “ከክለቡ ተልከን ነው የመጣን” አሉኝ። ለካ ሦስቱም ክለቡ ያለባት የመቄዶንያ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ኮሎምበስ ኖረው ያረጁ። ትልቁ ሰውዬ እዚያው ኮሎምበስ፣ ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ጋራዥ አላቸው። ልጄ ስትጫወት ኮሌጁ ድረስ እየሄዱ አይተው፣ ለክለቡ የጠቆሟትም እሳቸው ነበሩ።

ባለቤቴ በጓሮ በር ገብቶ፣ ፎቅ ወጥቶ፣ እሱም ሱፉን ለብሶ ወረደ። ሁለት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩትን ጋሼን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ፣ ኮል አደረግኋቸውና በእኛ ወገን ሊቆሙ እያለከለኩ መጡ። እንግዶቹን ተቀመጡ ብንላቸው፣ ትልቁ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም” አሉ። ሳቄን ልውጥ ስል እንባዬ መጣ። እዚህ አገር ሰው ከፈለገህ ኢሜል ነው የሚልክልህ። እነዚህ ሰዎች ግን የእኛን ደንብ ከባሕር ማዶ አስጠይቀው፣ እንደ ደንቡ ለብሰው፣ ሳሎኔ መሐል ቆመዋል። ያን ቀን ነው ክለቡን የወደድኩት።

ስለ ክለቡም ነገሩን። አዳራሹን የሠራው የከተማው ሰው ራሱ አሸዋ ተሸክሞ ነው፤ እሳቸውም በጎረምሳነታቸው ተሸክመዋል። ጣሪያው ያፈስ በነበረበት ጊዜ ልጃገረዶቹ ውኃ በሚጠራቀምባቸው ባልዲዎች መሐል እየተሹለከለኩ ልምምድ ይሠሩ ነበር፤ እንደዚያም ሆነው ዋንጫ በልተዋል። ከውጭ የመጣች ተጫዋች ሆቴል አትጣልም። አንድ ቤተሰብ ይረከባታል፤ እሑድ እዚያ ትበላለች፣ ስትታመምም የሚያስታምማት አለ። “ያንተን ልጅ የምትረከባት እኅቴ ናት” አሉት ባለቤቴን። “እኅቴ ክፉ ናት፤ ሳህኑን ያልጨረሰ ሰው ከገበታ አታስነሣም።” የባለቤቴን ፊት አውቀዋለሁ። ልቡ እዚያው ተሸነፈ።

ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? “አይሆንም። ልጃችን ገና ናት። እናቷም አትለያትም። ሌላ ፈልጉ።”

መቼም ደንቡ ይታወቃል። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን አረከሰ ይባላል። ሽማግሌ ይመላለስ፣ ደጅ ይጥና ነው ነገሩ። አብዛኛው ሰው ግን ዘመድ እናማክር ብሎ በለስላሳው ነው የሚመልሰው። የኔው ጉድ ግንባሩን ቋጥሮ እንደ ዳኛ ፈረደባቸው። ጋሼም ከጎኑ ሆነው ራሳቸውን እየነቀነቁ አጸኑለት፤ እኔም እንደ ወጉ አቀረቀርኩ። ትልቁ ሰውዬ አንድ በአንድ አዩንና፣ “አባት አይሆንም ካለ አይሆንም” ብለው ሁላችንንም ጨብጠው ወጡ። ይዘውልን የመጡት አንድ ብልቃጥ የተጠበሰ ቃሪያ ማባያና አንድ ጠርሙስ የቤት አረቄ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አረቄ፣ ያውም በጴንጤ ቤት።

“ጨዋ ሰዎች ናቸው” አለ ባለቤቴ፣ በሩን ዘግቶ እጁን እያፋተገ። “በሚመጣው ቅዳሜ እሺ እላቸዋለሁ።”

በሚመጣው ቅዳሜ ዶሮ ሠራሁ። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ሱፉን ለብሶ ሶፋው ላይ ተሰየመ። ጋሼም መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። “ራሳቸውን ማክበዳቸው ነው” አሉ ጋሼ። ከሰዓት በኋላ ልጄ ከፎቅ ወረደች። አሠልጣኟ ኮል አድርጋላት ነበር። ሽማግሌዎቹ የአባቷን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አድርሰዋል። ክለቡም አባቷ ያልፈቀደላትን ልጅ አንወስድም ብሎ በእሷ ቦታ ከቴክሳስ ሌላ ልጅ አስፈርሟል። ይህን ስትነግረን አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

“አንተ ሰውዬ” አልኩት ባለቤቴን፣ ልጅቷ ተመልሳ ወደ ፎቅ ስትወጣ። “አይሆንም ያልካቸው እኮ መቄዶንያዎችን ነው። የደብረ ብርሃን አማቾች መሰሉህ?” ጋሼም ባርኔጣቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወጡ፤ ዶሮው እንደተከደነ ዋለ።

ሰኞ ባለቤቴ ከሥራ ቀረ። ታሞ እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ጋሼን ይዘን፣ ልጃችን እየነዳች፣ ፍራንክሊንተን ሄድን። ትልቁ ሰውዬ ዘይት በጠገበ ቱታ ከመኪና ሥር ወጡና ወንበር አሳዩን። “መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም” አለ ባለቤቴ። ከዚያ ለማንም ሲለማመጥ አይቼው የማላውቀው ሰው ይለማመጥ ጀመር። በእኛ አገር አይሆንም ማለት ተመለሱ ማለት እንደሆነ፣ ሱፉን ለብሶ እንደጠበቃቸው፣ ዶሮ ሳይቀር እንደተሠራላቸው እያላበው ተናገረ። ሰውዬው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። እንዲህ ተንከራትተው፣ ተመልሰው፣ ደግሞ ሥራ እያስፈታናቸው፣ አንድ ቃል ቁጣ አልወጣቸውም። “ዶሮው ተበላ?” ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ከዚያ አሠልጣኟ ጋ ደወሉ። በቋንቋቸው ብዙ ተከራከሩ፤ እሳቸው ይለምናሉ፣ እሷ ትመልሳለች። ስልኩን ሲዘጉ የደረሱበትን ነገሩን። የቴክሳሷ ልጅ ፈርማለች፤ ክለቡ የሰጠውን ቃል አያጥፍም። ግን ልጃችን ከፈለገች ያለ ኮንትራት ለልምምድ ትምጣ። እኅታቸው ቤት ትቀመጣለች። ሊጉ እስኪጀመር አሠልጣኟን ካሳመነች ያስፈርሟታል፣ ካላሳመነች ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የተረጋገጠውን አይሆንም ያለ ሰው፣ አሁን ላልተረጋገጠው እሺ በል ተባለ።

“ልጅቷንስ ጠይቃችኋታል?” አሉ ትልቁ ሰውዬ።

እውነትም በዚያ ሁሉ ሽምግልና መሐል እሷን የጠየቃት አልነበረም። ባለቤቴ ዞሮ ቀና ብሎ አያት። “ትችያለሽ?” አላት።

“አላውቅም” አለች። “ግን ሳልሞክር ከቀረሁ አንተን የምቀየምህ ይመስለኛል። ልቀየምህ ደግሞ አልፈልግም።”

ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው። “ጎንበስ በይ” አላት። እጁን ጭኖባት እዚያው በጎማና በዘይት መሐል ጸለየላት፤ ድምፁ መሐል መሐል ላይ እየተቆረጠ ጋሼ ይሞሉለት ነበር። ትልቁ ሰውዬ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፤ አሜን ስንል አሜን አሉ። ከዚያ ነው ሁላችንም የተቀመጥነው።

ልጄ ሄደች። በየቀኑ ኮል ታደርግልኛለች። እኅትየዋ እንደተባለችውም ክፉ ናት፤ ልጄን በአንድ ወር አፋፍታታለች። አሠልጣኟ አንዲት ሩጫ ከጎደለች ሁሉንም ከመጀመሪያው ታስጀምራለች፣ ራሷም አብራ ትሮጣለች። የቴክሳሷ ልጅ ቦታዬን ልትወስጅ መጣሽ ብላ ፊት ትነሣታለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለካ ከልምምድ በኋላ ቀርታ የምታሠራት እሷው ናት። የከተማው አሮጊቶች ልምምዱን እንኳ ሹራብ እየሠሩ ያዩታል፤ ልጄ ስትስት ምላሳቸውን ቋ ያደርጋሉ፣ ስታገባ ቀና አይሉም። እንዲህ ያለ ቦታ ልጄን በመስጠቴ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ሊጉ ሊጀመር ሰሞን አንድ ጠዋት ደውላ “ፈረምኩ” አለችኝ፤ ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መርዳት ነውና፣ የምረዳቸውን አሮጊት አቅፌ አለቀስኩ።

የመጀመሪያው የሜዳ ጨዋታቸው እነሱ ጋ ምሽት፣ እኛ ጋ ቀትር ነበር። ቅዳሜ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ጋሼ፣ ባለቤቴና እኔ ቲቪው ፊት ተደርድረናል። አሠልጣኟ እስከ መጨረሻው አካባቢ አላስገባቻትም፤ ባለቤቴ ጣቶቹን ሲያንቋቋ ላብድ ነበር። ተነሺ ስትባል፣ ልጄ ገብታ ከሩቅ ወረወረች፣ ሳተች፤ የሳተችውን ራሷ ዘልላ ይዛ አገባችው። አዳራሹ ከበሮውን አነሣ።

ማልያዋ ጀርባ ላይ ያለው፣ እንደ ሁላችንም፣ የአባቷ ስም ነው። የእነዚያ ሰዎች ወግ ደግሞ ተጫዋችን በጀርባዋ ስም መጥራት ነው። ከበሮው ሁለቴ ይመታል፣ ሕዝቡ ይጠራል፤ ሁለቴ ይመታል፣ ይጠራል። አፋቸው ላይ ትንሽ ቢንጋደድም ስሙ ስሙ ነው። ኮሎምበስ ውስጥ ስሙን ፊደል በፊደል ካልቆጠረለት በቀር የሚጠራው የመሥሪያ ቤት ሰው የሌለው ባለቤቴ፣ መጀመሪያ አልገባውም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እንደገና ጠሩት።

ከሶፋው ተነሣ፣ የሸሚዙን ቁልፍ አስተካከለ፣ ቲቪው ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ “አቤት” አለ።