ኩይሳው የሚተነፍስበት ቀዳዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን፣ ተረት የሚነገረው አያቴ ጎጆ ውስጥ ነበር። ወንድ አያቴን «ጂዲ» እንላቸው ነበር። ያኔ፣ የክረምቱ ዝናብ የሣር ክዳኑን ሲደበድብ፣ እሳቱን ከበን ዓይናችን በጢስ እያነባ ስናዳምጥ፣ ታናሽ እህቴ ሐሊማ ብቻ ከመካከላችን አትገኝም። ደረቷ ጢስ አይችልም። አንድ ቀን ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ሲጠቁር ካየን ወዲህ፣ እናቴ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከደጅ፣ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ታስቀምጣታለች። ተረቱን በቀርከሃው ግድግዳ በኩል ትሰማለች። ስትስቅ ሳቋ ሁልጊዜ በሳል ያልቃል፤ ጂዲም ሳሏ እስኪያልፍላት ተረቱን ያቆማሉ።

አንድ ምሽት የምስጥ ተረት ጀመሩልን። አንድ አዳኝ በብርድ ቀን ኩይሳ ላይ ቢወጣ፣ ከአናቱ ቀዳዳ የሞቀ ትንፋሽ እጁን ነካው። «ምን ዓይነት እሳት ነው ያላችሁ?» ቢላቸው፣ ምስጦቹ «እሳት የለንም፤ ተሰብስበን ስንተነፍስ ነው» አሉት። ቀናባቸውና ቀዳዳውን በጭቃ ደፈነው።

«ከዚያስ?» አለች ሐሊማ ከውጭ። ወዲያው ሳሉ ያዛት፤ የዚያን ቀንም ቶሎ አልለቀቃትም። ጂዲ ፍሙን አዩ፣ ጥላሸት የጠጣውን ጣሪያ አዩ፣ ተረቱን ሳይጨርሱ ተነሡ።

በማግስቱ ማሳው ዳር ወዳለው ኩይሳ ወሰዱኝና መዳፌን ከአናቱ ቀዳዳ ላይ አኖሩት። እውነትም ይሞቃል፤ እንደ ጥጃ አፍ ይረጥባል። ስንመለስ ከምድጃው በላይ ያለውን ክዳን ቀደዱ፤ ከተጠለፈ ቀርከሃ የጢስ መውጫ ሠርተው በኩይሳ አፈር ለሰኑት።

«አባቴ፣ ጎጆውን ወንፊት ሊያደርጉት ነው?» አለች እናቴ።

እሳቱ ሲነድ ግን ጢሱ ጥቂት ወጣና ተመልሶ ቤቱን ሞላው። እናቴ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ይኸው፣ አሁን ሁላችንም ከሐሊማ ጋር ደጅ ነን!» አለች። እኔ ሳቅሁ። ጂዲ አልሳቁም፤ ወደ ኩይሳው ተመልሰው ዙሪያውን ሲዳስሱ፣ ከታች ሣር የሸፈናቸው ሌሎች ቀዳዳዎች አገኙ።

«የሚገባ ሳይኖር ምን ይወጣል!» አሉና መጥተው ግድግዳውን ከመሬት አጠገብ ነደሉት።

ነገሩ ይኸው ነው። የሞቀ አየር ይቀልላል፣ ሽቅብ ይሄዳል፤ ከታች የሚተካው ቀዝቃዛ አየር ካላገኘ ግን መንገዱ ይቋረጣል። ዛሬ በስልኬ ሳነብ፣ ሕንፃ ያለ ማቀዝቀዣ መሣሪያ እንዲቀዘቅዝ ከምስጥ የሚማሩ መሐንዲሶች እንዳሉ አየሁ፤ ቆሞ ለሰማኝ ሁሉ ሳስረዳ እውላለሁ።

በዚያ ምሽት ጢሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። እናቴ ሐሊማን አስገብታ ከእኔ ጎን አስቀመጠቻት፤ እጇን ግን ከትከሻዋ አላነሣችም። ጂዲ ካቆሙበት ቀጠሉ፦ «አዳኙ አፍሮ ጭቃውን በገዛ ጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣ። ምስጦቹም አመስግነው፣ የጦሩን እጀታ በሉበት!»

ሐሊማ በሳቅ ፈነዳች። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ሳሉን ጠበቅን፤ አልመጣም።

ጂዲ ካረፉ ቆዩ፤ ጎጆውም ዛሬ የለም። ስለ ነፋስና ስለ ሙቀት የማውቀውን ሁሉ ብረሳ እንኳ፣ ያ ሳቅ ካበቃ በኋላ የሰማሁትን ዝምታ አልረሳውም፤ የፍሙ ድምፅ ብቻ ነበር።