ያልቆረጥኩት መስቀል

እትዬ ሲደውሉልኝ ፖላሪስ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በምሠራበት ሱቅ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር። እትዬ፣ ሞርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ አዲስ ምግብ ቤት የከፈቱት ናቸው።

«አሮጊቷ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አሉኝ። «እሁድ ለምግብ ቤቱ ምርቃት መጥተው የሠራችሁት መብራት ሲበራ ነበሩ እኮ። አንቺ የት ጠፋሽ?»

«ሥራ ነበርኩ» አልኩ። እውነቱ ግን ፈቃድም አልጠየቅኩም፤ ፈርቼ ነው የቀረሁት።

አሮጊቷ ፖላንዳዊት ናቸው፤ እኔ እማማ እላቸው ነበር። ሊንደን ሰፈር ባለው ጋራዣቸው ከአኻያ ቀንበጥ የመብራት ሽፋን ይጎነጉናሉ፤ እኔም በዕረፍት ቀኔ አግዛቸዋለሁ። አኻያን በፊት የማውቀው ዳዊት ስደግም ብቻ ነበር። ቀንበጡን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ሳይደርቅብን እንሽቀዳደማለን፤ ጣቴ ይሰነጣጠቃል።

«እኛ አገር ቅርጫቱን ድንች እንዳይወድቅ አጥብቀን ነበር የምንሠራው» ይሉኛል። «አሁን ብርሃኑ እንዲወድቅ ላላ አድርጊው።»

በማርያም ቀን አልሠራም ብዬ ስቀር ደግሞ፣ «ማርያም የእኛም ናት እኮ! ለእኔ ግን አንድ ቀን ፈቃድ ሰጥታኝ አታውቅም» ብለው ይስቁብኛል።

ሽፋኑ የሚጀመረው ወፋፍራም ቀንበጦችን በመስቀል ቅርጽ በማጋጠም ነው። ዙሪያው ተጎንጉኖ ራሱን ሲችል መስቀሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ አምፖሉ የሚገባው በዚያ ነው። ሁልጊዜ እማማ ይቆርጣሉ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። የእትዬን ስንሠራ ግን እጃቸው ደከመና መቀሱን ሰጡኝ።

«ነገ ቁረጪው፤ ብርሃኑ ቦታ ይፈልጋል።»

«እሺ፣ እማማ።»

አልቆረጥኩም። እጄ እምቢ አለኝ። ሽቦውን በጎን አሳልፌ አምፖሉን ከመስቀሉ ሥር አንጠለጠልኩትና ለእትዬ አደረስኩ። ለእማማ ግን «ቆርጬዋለሁ» አልኳቸው። መስቀል አልቆርጥም ያልኩት ሴትዮ፣ አሮጊት ዋሸሁ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ «ሄደሽ እሳቸውን ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ። ከሥራ ስወጣ ይደክመኛል፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው አመለጡኝ።

መብራቱ ሲበራ የመስቀሉ ጥላ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ነበር አሉ። እትዬ እንግዳ ሲያስተናግዱ የእማማን ፊት አላዩም። እሁድ እዚያ የነበራችሁ፣ ከእናንተ መካከል አጠገባቸው የተቀመጠ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ቀና ብለው ጥላውን አይተውት ነበር? ምን አሉ? ተቆጥተውም ከሆነ አትደብቁኝ።